ብረት እርቃኑን አይደር፦ አሮጌ የላንድክሩዘር ሞተር ጋምቤላ ላይ ስታድሱ

ጋምቤላ ውስጥ በክረምት ማታ ያጠባችሁት ብረት ጠዋት ቀልቶ ይጠብቃችኋል። የመጀመሪያ ሞተሬን ስፈታ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ወሩ ሐምሌ ነበር። ብሎኩን በሙቅ ውኃና በኦሞ አጠብሁት፤ የሲሊንደሮቹ ግድግዳ እንደ መስታወት አበራ። «ዘይቱን ነገ እቀባዋለሁ» ብዬ ገብቼ ተኛሁ። ስነሣ ስድስቱም ሲሊንደሮች የሸክላ አፈር የተነሰነሰባቸው መስለው ነበር። የሦስት ቀን ድካም በአንድ ሌሊት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞተር እድሳት የማውቀው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ ሌሊት ላይ ያርፋል፦ ዝገት ማስለቀቅ ቀላል ነው፤ ጭንቁ የጸዳው ብረት እርቃኑን እንዳያድር ማድረግ ነው።

ሥራው የሚያዋጣበት ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለ መኪና ዋጋው ከፍ ብሏል። ወደ ኢታንግ ወይም ወደ አቦቦ በክረምት ጭቃ ለሚወጣ ሰው ደግሞ በቁልፍና በመዶሻ የሚጠገን አሮጌ መኪና አሁንም ትልቅ ሀብት ነው። በየግቢው ሣር በቅሎበት የቆመውን ላንድክሩዘር ስታዩ «አለቀለት» አትበሉ። አብዛኛው አላለቀለትም።

በምሳሌነት የምወስደው የቶዮታ ላንድክሩዘር 40 ሞተር ነው። ይህ መኪና ጃፓን ውስጥ ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ሲመረት ኖሯል። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገባለት የቤንዚን ሞተር «2ኤፍ» ይባላል፤ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 4,230 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 94 ሚሊ ሜትር። ብሎኩም ቴስታታውም (የሞተሩ ራስ) የብረት ቅልጥ ነው፤ ካም ሻፍቱን የሚያዞረው ጥርስ እንጂ ቺንጋ ወይም ሰንሰለት አይደለም። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ሞተር አላውቅም፤ ስሕተት ይችላል። ላንድሮቨር ያላችሁም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ፣ ልኬቶቹን ብቻ ከራሱ መመሪያ መጽሐፍ ውሰዱ። ቮልስ ያላችሁ ግን ጥንቃቄ አድርጉ፦ የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ያለበት ቀላል ብረት ስለሆነ ከዚህ በታች የምነግራችሁ የአሲድ መዘፍዘፊያ ይበላዋል።

ጊዜና ቦታ

ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ሥራውን ኅዳር ላይ ጀምሩና ከመጋቢት በፊት ጨርሱ። መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ላብ ከግንባር እየተንጠባጠበ ንጹሕ ብረት ላይ ያርፋል፤ ላብ ደግሞ ጨው ነው፣ ጨው የዝገት ወንድም ነው። የፒስተን ፋሻ በባዶ እጅ ይዛችሁ በማግስቱ የጣታችሁን አሻራ በዝገት ተጽፎ ብታገኙት አትደነቁ።

መፍታቱንና ማጠቡን ማንጎ ጥላ ሥር አድርጉት፤ ጋምቤላ የማንጎ ጥላ አይነፍጋችሁም። መለካቱንና መግጠሙን ግን በር በሚዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ወለሉን በውኃ ረጭታችሁ። አቧራ ዘይት ውስጥ ከገባ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው።

ይህች ከተማ ከውኃ፣ ከብረትና ከወቅት ጋር ያላት ትግል ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከተፈቀደ በኋላ፣ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ቡና ጭነው መመለስ የሚችሉት ባሮ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ጉዞው ይቆማል። የእኛ የቀን መቁጠሪያ ተቃራኒው ነው፦ እነሱ ውኃውን ይጠብቁ ነበር፣ እኛ እስኪደርቅ እንጠብቃለን።

ከመፍታት በፊት

ለዓመታት የቆመን ሞተር በባትሪና በሞተሪኖ ለማዞር አትሞክሩ። መጀመሪያ ስድስቱንም ካንዴላዎች አውጡ። በተለይ መኪናው ጎርፍ ቀምሶ ከሆነ (በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ሞልቶ ሲወጣ በክልሉ ብዙ ሰውና ንብረት በውኃ ተይዟል) ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ሊኖር ይችላል። ውኃ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ መሄጃ ስለሚያጣ የሚታጠፈው ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ቢዬላ ነው። ካንዴላ ወጥቶ ከሆነ ውኃው በቀዳዳው ተረጭቶ ይወጣል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል።

ሞተሩ ነክሶ ከሆነ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ግማሽ ስኒ የሚሆን ናፍታና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅላችሁ አፍስሱ። ሦስት ቀን ተዉት፤ ጨምሩ፤ ሳምንት ተዉት። ከዚያ ክራንክ ሻፍቱ ፊት ያለውን ትልቅ ቡሎን በረጅም ቁልፍ ያዙና ወደፊትም ወደኋላም በቀስታ ግፉ። የጣት ስፋት ታህል ከተንቀሳቀሰ አሸንፋችኋል። አልንቀሳቀስ ካለ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክታችሁ በጉልበት አትጫኑት፤ ቴስታታው ከወረደ በኋላ ፒስተኑን ከላይ በእንጨት መታ መታ ማድረግ ይሻላል። ችኮላ እዚህ ላይ የምታስከፍለው ፋሻ የገባበትን የፒስተን ጥርስ ነው።

ሞተሩ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ሳትፈቱ የእያንዳንዱን ሲሊንደር እመቃ ለኩ። ዝቅ ያለው ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ደግሙት። ልኬቱ ከፍ ካለ ፋሻው በልቷል፤ ካልተለወጠ የሚያፈሰው ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ይህን ሳያውቁ ሞተር ማውረድ ሕመሙን ሳይጠይቁ ቢላ ማንሳት ነው።

አፈታት

ሞተሩ ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የማንጎ ቅርንጫፍ ላይ ሰንሰለት ጥላችሁ እንዳታነሡት እለምናችኋለሁ፤ የማንጎ እንጨት ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ሦስት ወፍራም የብረት ቧንቧ በአናቱ አስራችሁ ፓራንኮ ስቀሉበት፤ እግሮቹ እንዳይከፈቱ ከታች በሰንሰለት እሰሩ። ከተነሣ ሞተር ሥር ማንም እጁን አያስገባ።

እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ቡሎኖቹን ከየት እንደወጡ በተጻፈባቸው ፌስታሎች ለዩ። ሁለት ነገር ግን ከፎቶም ከፌስታልም በላይ ነው። የክራንክ ሻፍቱ አራት ማቀፊያዎችና የስድስቱ ቢዬላዎች ክዳኖች ከየራሳቸው ወንበር ጋር አብረው የተቀደዱ ናቸው፤ አንዱ ባንዱ ቦታ ከገባ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ይቀራል። ቁጥራቸውን አንብቡ፤ ካልታየ በነጥብ መምቻ ራሳችሁ ምልክት አድርጉ። ቫልቭ የሚገፉትን የካም ሻፍቱን ፑንቴሪያዎችም እንደዚሁ፦ እያንዳንዱ ከሚጋጨው የካም ጉብታ ጋር ተፋጭቶ ተላምዷል፤ ካቀያየራችኋቸው እርስ በርስ ይበላላሉ። አሥራ ሁለት ቀዳዳ የበሳችሁበት ካርቶን ላይ በተራ ስኳቸው።

የቴስታታውን ቡሎኖች ከዳር ወደ መሐል፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላላችሁ ፍቱ። አሮጌ ጓርኒሲዮን ስትፍቁ እርጥብ አድርጋችሁ ፋቁት፤ በዚያ ዘመን አስቤስቶስ ይገባበት ስለነበር ደረቁ ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ ነው።

ብሎኩ ከተራቆተ በኋላ የውኃ መተላለፊያዎቹን ተመልከቱ። በዚህ አገር መኪና ሲግል የተገኘው ውኃ ራዲያተር ውስጥ ይገባል፤ የባሮ ውኃ ደግሞ ደለል ይዞ ይመጣል። ከኋላ ባሉት ሲሊንደሮች ዙሪያ የጠነከረ ጭቃ ታገኛላችሁ። ያ ጭቃ ነው አምስተኛውንና ስድስተኛውን ሲሊንደር ሲያግል የኖረው። በብሎኩ ጎን ያለውን የውኃ ማፍሰሻ ቡሎን ፍቱ፣ በሽቦ ጎርጉሩ፣ ጥርት ያለ ውኃ እስኪወጣ እጠቡ። ሞተሩ ሲጠናቀቅ ራዲያተሩን የዝናብ ውኃ ሙሉት፣ ከጸረ ዝገት ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር።

ዝገቱን ማስለቀቅ

ለሁሉም ዝገት አንድ መድኃኒት የለም። መጀመሪያ ዘይቱንና ግራሶውን በነጭ ጋዝ ወይም በናፍታ አስለቅቁ፤ በዘይት የተሸፈነ ዝገት ምንም ውስጥ ብትነክሩት አይለቅም። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ በዚህ ሙቀት ትነቱ መሬት ለመሬት ተስቦ የጎረቤት ከሰል ምድጃ ላይ ይደርሳል።

ቡሎን፣ ቅንፍ፣ የዘይት ኮፓ፣ የቫልቭ ክዳንና የመሳሰለው ሲትሪክ አሲድ ይወዳል። ለአንድ ሊትር ውኃ ከ50 እስከ 100 ግራም በቂ ነው፤ ለጥቂት ሰዓታት አኑሩት፣ በየሰዓቱ እያወጣችሁ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉ። አቼቶም ይሠራል፤ ደካማ ስለሆነ አንድ ቀን ይፈልጋል። በክልሉ ቆላ የሚበቅለው የሁመር ፍሬም ጎምዛዛ አሲድ አለበት፤ በሙቅ ውኃ አሽታችሁ ትንንሽ ዕቃና የነሐስ መገጣጠሚያ ብትነክሩበት ያማረ ሥራ ይሠራል።

ትልልቅ የብረት ቅልጥ ዕቃ፣ ለምሳሌ የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ፣ ሞላሰስ ውስጥ ቢገባ እመርጣለሁ። ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣውና ለከብት መኖ የሚሸጠው ጥቁር ሽሮፕ ማለት ነው። አንድ እጅ ሞላሰስ፣ ዘጠኝ እጅ ውኃ፣ ክዳን ያለው በርሜል። ደጋ ላይ ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ሥራ በጋምቤላ ሙቀት ቀድሞ ያልቃል፤ የጋምቤላ አየር የሚያግዘን አንዱ ቦታ እዚህ ነው። ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ከቤት ራቅ አድርጉት። ጤነኛውን ብረት እምብዛም ሳይነካ ዝገቱን ይወስዳል።

ሌላው መንገድ በኤሌክትሪክ ነው። ፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ለአራት ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ በጥብጡ። ሶዳ አሽ ከጠፋ የዳቦ ሶዳ በደረቅ ብረት ድስት እሳት ላይ እያማሰላችሁ ለግማሽ ሰዓት ያህል በደንብ አግሉት፤ እንፋሎቱ ሲያልቅ ወደ እሱ ይለወጣል። የባትሪ ቻርጀሩን ነጌቲቭ የዛገው ዕቃ ላይ፣ ፖዘቲቩን የማትፈልጉት ቁራጭ ብረት ላይ እሰሩ፤ ሁለቱ አይነካኩ። የማይዝግ ብረት በፖዘቲቩ በኩል ፈጽሞ አትስቀሉ፤ ውኃው ውስጥ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጂን ስለሆነ ሥራው ደጅ ይሁን፣ ሲጋራም ከሰልም አይቅረበው፤ ገመድ ስትነኩ መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከለከሉ አሉ። ፒስተንና ካርቡሬተር አሉሚኒየምና ቀላል ቅልጥ ናቸው፤ አሲዱም ሶዳውም ይበላቸዋል። የቫልቭ ሞላ አሲድ ውስጥ ከገባ ውስጡ ይሰባበራል፤ መልኩ ደኅና መስሎ መንገድ ላይ ይከዳችኋል። ክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚና የሚያርፍበት ለስላሳ ቦታና የሲሊንደሩ ግድግዳም አይነከሩም። ለእነዚህ ነጭ ጋዝ፣ ጨርቅ፣ በዘይት የራሰ በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት።

አሁን ዋናው ሰዓት መጣ። ዕቃው ከአሲድ ሲወጣ በሶዳ ውኃ ንከሩት፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከዚያ እኩለ ቀን ፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ላይ ዘርጉት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ብረቱ እጅ የሚያቃጥል ይሆናል፣ በቀዳዳው የተደበቀ ውኃም ይተናል። ገና ትኩስ እያለ ዘይት ቀቡት፤ ትኩስ ብረት ላይ ዘይት ሳያሹት ይሰርጋል። በዘይት በራሰ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አስገቡ። ሳይቀቡ ፌስታል ውስጥ ማስገባት ግን ብረቱን በላቡ ማጠብ ነው። እኔ በቀን የማጥበው ከምሽት በፊት ደርቆ የሚቀባውን ያህል ብቻ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አዲስ ዕቃ ከመዘፍዘፊያው አላወጣም።

የመዘፍዘፊያ ውኃና የተቃጠለ ዘይት ወደ ባሮ አይፈስም። ከዚያ ወንዝ ዓሣ ይጠመዳል፣ ልጅ ይታጠባል። ዘይቱን በጀሪካን አጠራቅማችሁ ለሚረከብ ጋራዥ ስጡ።

ልኬት፣ ቶርኖ ቤትና ሶማሌ ተራ

ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ ለኩ። በጣም የሚበላው ከላይ፣ ፋሻው የሚመለስበት ነው፤ ጥፍራችሁ የሚያዝበት ጠርዝ ካለ ሲሊንደሩ ማስሞረድ ይፈልጋል። ይህ ቤት ውስጥ አይሠራም። ጋምቤላ የሚሠራላችሁ ካጣችሁ በመቱ አድርጋችሁ ጅማ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ትወስዱታላችሁ። ምክሬ አንድ ነው፦ ፒስተኑ እጃችሁ ሳይገባ ሲሊንደር አታስሞርዱ። ሲሊንደር በፒስተን ልክ ይሞረዳል፤ «ግማሽ ሚሊ አስፋው» ብላችሁ ብትመለሱና ልኩ ገበያ ላይ ቢጠፋ ብሎኩ ምሶሶ ሆኖ ይቀራል።

መለዋወጫ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ በቃል አትግለጹት። ጓርኒሲዮን፣ ፋሻ፣ ብሮንዚናና የዘይት ማኅተም አዲስ ግዙ፤ ያገለገለ መግዛት የሚቻለው እንደ ማኒፎልድ፣ ቮላኖና ቅንፍ ያለውን ነው።

ቴስታታውን ካሠራችሁ ስለ ቫልቭ መቀመጫዎቹ ጠይቁ። የድሮ ቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ የጭስ ቫልቩን መቀመጫ ይጠብቀው ነበር፤ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ አስቀርተዋል። ከዚያ በፊት ተሠርቶ የቆመ ሞተር መቀመጫው ለስላሳ ከሆነ በዛሬው ቤንዚን ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ጠንካራ ቀለበት ማስገባት አንዴ የሚከፈል ወጪ ነው። ቫልቮቹን በማጋጫ ቅባት ከፈጫችሁ በኋላ ቴስታታውን ገልብጣችሁ በቀዳዳዎቹ ነጭ ጋዝ ሙሉ፤ አሥር ደቂቃ ሳያፈስ ከቆየ ጥሩ ተቀምጧል።

መግጠም

ብሎኩን ከቶርኖ ቤት ሲመለስ እንደገና እጠቡት። የሙረዳ ብናኝ በናፍታ አይወጣም፤ ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይፈልጋል። የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎችን መክደኛ ቡሎኖች አውጥታችሁ በረጅም ብሩሽ አጽዱ። ነጭ ጨርቅ ሲሊንደሩ ውስጥ አሹ፤ ግራጫ ካወጣ አልጸዳም። ሲጸዳ፣ ታውቃላችሁ፣ ወዲያው ዘይት።

ፋሻውን ፒስተኑ ላይ ከመግጠማችሁ በፊት ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡና በፒስተን ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት፤ በጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ለ94 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር 0.35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ከጠበበ ፋሻው ሲግል ጫፎቹ ይጋጩና ግድግዳውን ይቧጥጣል። እያንዳንዱን የክራንክ ሻፍት ማቀፊያ ካጠበቃችሁ በኋላ ሻፍቱን በእጅ አዙሩት። አራቱንም አጥብቃችሁ ከዚያ አልዞር ካለ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አታውቁም፤ አንድ በአንድ ካዞራችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

የቴስታታውን ቡሎኖች ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ መጠን በሚያሳይ ቁልፍ አጥብቁ። በግምት አጥብቀው የተሳካላቸውን አውቃለሁ፤ ያልተሳካላቸውን ደግሞ የበለጠ አውቃለሁ። የእሳት ተራው 1-5-3-6-2-4 ነው።

የመጀመሪያው ጩኸት

ካም ሻፍቱንና ፑንቴሪያዎቹን በወፍራም የመግጠሚያ ቅባት ቀብታችሁ፣ ካንዴላ ሳይገባ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሣ በሞተሪኖ አዙሩት። ካንዴላውን ግጠሙ፤ ሲነሣ በዝቅታ እንዳትተዉት። አዲስ ካም ዘይት የሚያገኘው ከክራንክ ሻፍቱ በሚረጨው ስለሆነ፣ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያዙት። አንድ ሰው ግፊቱንና ሙቀቱን ይይ፣ ሌላው ከሥር የሚያፈስ ነገር ይመልከት። ዘይቱ 20W-50 ቢሆን ለዚህ ሙቀት ይስማማል። ያን የመጀመሪያ ዘይት ከነፊልትሮው ወዲያው ለውጡ፤ በጠራራ ፀሐይ አዘንብላችሁ ስታዩት የሚያብለጨልጭ ብናኝ ታያላችሁ፣ ከአዲስ ሞተር ጥቂት ይጠበቃል።

ከዚያ ሞተሩ እንደጋለ የቫልቮቹን ክፍተት አስተካክሉ፦ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.35 ሚሊ ሜትር። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትሮች ፍጥነቱን እየለዋወጣችሁ ንዱ፣ ዳገት ላይ አታጨናንቁት፤ በመጨረሻው ዘይቱን ድጋሚ ለውጡ፣ የቫልቩን ክፍተት ድጋሚ ለኩ።

መኪናው ክረምቱን የሚቆም ከሆነ አምስት ደቂቃ ብቻ አስነሥታችሁ አታጥፉት። በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት ሳይተን ውስጥ ቀርቶ ውኃ ይሆናል። በሳምንት አንዴ አውጡና ግማሽ ሰዓት ንዱት። ካልሆነላችሁ ካንዴላዎቹን አውጡ፣ በየሲሊንደሩ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ ሁለት ዙር በእጅ አዙሩና መልሳችሁ ዝጉት።